ሳይደክማቸው የተራገፉት ግመሎች

የልጅ ልጄ ያበጠ ቁርጭምጭሚቷን በሰሊጥ ዘይት ስታሽ፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ ወሰደኝ። እሁድ እዚሁ ጅጅጋ የሩጫ ውድድር አለባት፤ «ዛሬ እንኳ እረፊ» ብላት አትሰማም።

እኔም አልሰማም ነበር። አንድ ቀን ከደምበል ወደዚህ ወደ ጅጅጋ በግመል ስንመጣ፣ ከተማው ፊት ለፊት እየታየ፣ ሽማግሌው መሪያችን ጭነቱን አስወረደ።

«አዴር፣ ግመሎቹ መች ደከሙ?» አልኩት፤ አጎቴ ማለቴ ነው።

«ከወደቁ በኋላማ ማራገፍ ማን ያቅተዋል? ተቀመጪ፣ አንቺ ነፋስ!» ብሎ ለተሰነጠቀ ተረከዜ የሰሊጥ ዘይት ሰጠኝ። ተቀባሁና ሳይደርቅ ተነስቼ ወደ ከተማው ሮጥኩ።

ይህን ስነግራት ጫማዋን እያሰረች ሳቀች።

«ታዲያ ማን ቀድሞ ገባ፣ እማማ?»

«እኔ ነኛ!» አልኳት። ከዚያ በኋላ ስንት ቀን መቆም እንዳቃተኝ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ከበሩ ወጥታለች።