ልብ የሆነው ክፍል

የባዮሎጂ መምህርቷ ወደዚያ ክፍል የተመደበችው፣ ከእሷ በፊት የነበረው መምህር ተማሪ በወረወረው ድንጋይ ጥርሱ ከረገፈ በኋላ ነው። ተማሪዎቹ ጠዋት ሸክም ሲሸከሙና ጋራዥ ውስጥ ሲሰደቡ አርፍደው፣ ከሰዓት ዴስክ ላይ ይተኛሉ፤ ካልተኙ ይቧቀሳሉ።

የፈረቃው ተቆጣጣሪ ከእጁ በማይለየው የጎማ አለንጋ የተነሳ «ጎማ» ይባላል። «እህቴ፣ እነዚህ ካልተለበለቡ አይነቁም» አላት።

እሷ ግን ዜማ ሆዷን የሚያባባት ሴት ናት። ክፍሉን ለሁለት ከፍላ ልብ አደረገችው፤ በመስኮት በኩል ያሉት ቀኝ ልብ፣ በግድግዳው በኩል ያሉት ግራ ልብ። ቀኞች ደሙን ወደ ሳንባ ይልካሉ፤ ግራዎች ከሳንባ ተቀብለው ለመላው አካል ይረጫሉ። ሥራቸውን በግጥም እየፎከሩ፣ ዴስኩን እየደለቁ ይመላለሱ ጀመር፤ የግራ ልብ ግድግዳ ስለሚወፍርም፣ ግራዎቹ ቀኞቹን «ቀጭን ግድግዳ» እያሉ ያበሽቋቸዋል። እንቅልፋሙ ሁሉ ነቃ። ያ የደከመ ክፍል እንደ እውነተኛ ልብ ድው ድው ሲል፣ እንባዋ ቅርር ይል ነበር።

ፉክክሩ ወዴት እንደሚሄድ ግን አላሰበችም። አንድ ቀን ከግራዎቹ «ብረቱ» የሚሉት ጡንቻማ ተነሳ። ከቀኞቹ መሃል፣ እናቱን በሳንባ በሽታ የቀበረውን «ዝምታውን» እያየ፣

ደሙን ወደ ሳንባ ትልካላችሁ፣
እናቱን ከሞት መች አዳናችሁ

ሲል ደለቀ። ግራዎች ሳቁ።

ዝምታው በዴስክ ላይ ተወርውሮ አፉን በቡጢ አለው። ከዚያ ቀኝና ግራ ተደባለቀ፤ ወንበር ተሰበረ፣ ቅንድብ ተተረተረ፣ ወለሉ በደም አዳለጠ። ብረቱ የዴስክ እግር ነቅሎ ሲሰነዝር መምህርቷ መሃል ገባች። የእጇ አጥንት ቀጭ ሲል ለራሷ ተሰማት።

እሷ ሐኪም ቤት ሳለች፣ ጎማ በሩን ቆልፎ ሁሉንም ለበለባቸው።

እጇ በጀሶ ታስሮ ስትመለስ ክፍሉ ጭጭ አለ። ጎማ በሩ ላይ ቆሟል።

«ደም ከሳንባ ወዴት ይመለሳል?» ብላ ጠየቀች መምህርቷ።

 የሁሉም ዓይን ከአለንጋው ጋር ነበር።

«አየሽ ጸጥታ?» አላት ጎማ።

«የሬሳ ቤት ጸጥታ ነው ጋሼ። ዛሬ አንድ ሰው አፉን ካልከፈተ፣ ከእንግዲህ አይከፍቱም።» ፊቷን ወደ ተማሪዎቹ መለሰች። «እስቲ፣ ልጆቼ፤ ወዴት ይመለሳል?»

ዝምታው ተነስቶ በተሰፋ ከንፈሩ፣ «ወደ... ቀኝ ልብ» አለ።

«ለስህተት ነው የተነሳኸው?» ብሎ ጎማ አለንጋውን አነሳ። መምህርቷ በደህና እጇ ቀለበችው። መዳፏ ተሰንጥቆ ደሙ ወደ ክንዷ ወረደ።

«ተሳስቷል። ተሳሳተ ተብሎ አይገረፍም።»

ጎማ ሳበ፤ አልለቀቀችም። በዚያ ትግል መሃል ከግድግዳው በኩል ብረቱ፣ ጀርባው እንዳበጠ፣ ዴስኩን ተደግፎ ተነሳ።

«ወደ ግራ ነው አንተ ደነዝ» አለው ዝምታውን። «ወደ እኛ ነው የሚመጣው። እናንተ ካልላካችሁ እኛ ምን እንረጫለን?»

ከመስኮቱ በኩል ከቀኞቹ አንዱ፣ «ዛሬማ ቀጭን ግድግዳ ተወደደ» አለ። ፍርሃት ያነቀው ሳቅ ተሰማ።

«ቀጥል» አለችው መምህርቷ፣ አለንጋውን እንደያዘች። «ከዚያስ?»