ለእንግዳ የነደደ ናፍጣ

እልፍነሽ በፍኖተ ሰላም የሕዝብ መዋኛ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ ቁርጭምጭሚቷን እንኳ አላራሰችም። ዋና አትችልም፤ ለመማርም አስባ አታውቅም። ቲኬት ትቆርጣለች፣ የልብስ መቀየሪያውን ክፍል ታጸዳለች፣ ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ገንዳው የሚጠጋውን ጎረምሳ ደግሞ በምላሷ ትገርፋለች። የተወለደችው ከቡሬ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ነው። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትውለውም የምታመሸውም እዚያው ስለሆነ መዋኛውን «ቤቴ» ነው የምትለው። ሥራ አስኪያጁ ባምላኩ በዕድሜ ልጇ ነው ማለት ይቻላል፤ «ቤቴ» ስትል ሲሰማት ይስቃል እንጂ አያርማትም።

የገንዳውን ውኃ ከጉድጓድ የሚስበው ሞተር ነው፤ የሚያጣራውም ሌላ ሞተር ነው። ሁለቱም መብራት ይበላሉ፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጀነሬተሩ ናፍጣ ይጠጣል። የመብራት ዋጋ ጨመረ፣ ናፍጣ ከማደያ ጠፋ፤ የመዋኛው ቲኬት ግን የድሮው ነው። ካቻምና ሳምንቱን ሙሉ ክፍት የነበረው መዋኛ ዘንድሮ ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ መከፈት ጀመረ።

እነዚያን ሁለት ቀናት እንደ ዓመት በዓል የሚጠብቅ አንድ ሰው ነበር። አያ ታከለ ይባላል፤ የጅጋ ገበሬ ነው። ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ ከጣራ ወድቆ ወገቡን ከተመታ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሐኪሙ «ውኃ ውስጥ ቆመው ይለማመዱ፤ ካቋረጡ እግርዎ ይተሳሰራል» ብሎታል። ባለቤቱ ያምሮት በሚኒባስ ታመጣዋለች፤ ሁለት የዋና አስተማሪዎች ደግፈው ያስገቡታል። መሬት ላይ መቆም ያቃተው ሰውዬ ውኃው ደረቱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የመጀመሪያዋን እርምጃ የተራመደ ዕለት እልፍነሽ ዳር ቆማ እልልታዋን ብታቀልጠው እንደ ሙሽራ አፈረ። እያለ እያለ አሥራ አንድ እርምጃ ደርሶ ነበር።

በዚህ መሐል መንግሥት የኃይል ወጪ ላቃታቸው የሕዝብ መገልገያዎች ድጎማ ሊሰጥ ነው፣ ችግሩን በዓይኑ አይቶ የሚወስን ኮሚቴም ረቡዕ ይመጣል ተባለ። ባምላኩ ያን ዕለት ለስብሰባ ባሕር ዳር ተጠርቷል። ከመሄዱ በፊት እልፍነሽን አስቀምጦ አስጠነቀቃት።

«እትዬ እልፍነሽ፣ አደራ ምንም እንዳይነኩ። መብራቱ ስለደከመ ሰሞኑን አልከፈትንም፤ ውኃው ጎድሏል፣ አረንጓዴ ሆኗል፤ እንዳለ ይዩት። ችግራችንንም አንድ በአንድ ይንገሯቸው።»

«እሺ» አለች። ከልቧ ነበር እሺ ያለችው።

ረቡዕ ጠዋት በሩን ከፍታ ስትገባ ግን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ወደ ገንዳው ዳር ሄደች። ገንዳው እስከ ወገቡ ጎድሏል፣ ግድግዳው አረንጓዴ እድፍ ይዟል፣ ቅጠሉ ተንሳፍፏል። ይኼን ነው እንግዳ የሚያይባት? ሰው ከሌላ ከተማ ደክሞ መጥቶ፣ እሷ በሕይወት እያለች፣ ይኼን? እንዴት ያለች ዝርክርክ ሴት ናት ሲሉ ገና ከወዲሁ ተሰማት። ለሁለት ሳምንት ይበቃል ተብሎ የተቀመጠውን ሁለት ጀሪካን ናፍጣ አወጣች፤ መብራቱ ደክሞ ሞተሩን ማንሣት ስላቃተው ጀነሬተሩንም ራሷ አስነሣች። ሞተሩ ውኃ ሲስብ፣ እሷ ግድግዳ ስትፈትግ ረፈደ። እንግዶቹ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲደርሱ ገንዳው ሞልቶ፣ ጠርቶ፣ የወለሉ ንጣፍ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። ጀሪካኖቹም ባዶ ነበሩ።

ከቤቷ ሠርታ ያመጣችውን ሽሮ አቀረበች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወይዘሮ ምሕረት ጠጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። እየበሉ ጠየቋት።

«እኅቴ፣ ለመሆኑ ምን ይጎድላችኋል?»

«ተመስገን! ምን ይጎድልብናል እመቤቴ፤ ይብሉ እንጂ።»

«መብራቱስ? ናፍጣውስ አያስቸግራችሁም?»

«አልፎ አልፎ ነው። የፈጣሪን አናማርርም።»

እሷ ባደገችበት ቤት እንግዳ ጎርሶ ሳይጨርስ ችግር የሚዘረዝር ሰው የበላውን አስመልሱልኝ እንዳለ ነው የሚቆጠረው። ወይዘሮ ምሕረት ፈገግ ብለው ማስታወሻቸው ላይ ጻፉ። በማግስቱ ባምላኩ ናፍጣው የት ገባ ብሎ ሲጠይቃት «መብራት ጠፍቶብን ነደደ» አለችው። ያን ጊዜ ነው መዋሸቷ የታወቃት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ባምላኩ ቆሞ አነበበው፦ «ማዕከሉ የኃይል ወጪውን በራሱ መሸፈን እንደሚችል በአካል ተገኝተን ስላረጋገጥን ድጋፉ ይበልጥ ለተቸገሩ እንዲውል ተወስኗል።»

«ምን አይታ ነው ሴትዮዋ!» ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረው። «ሳታይ ነው የጻፈችው። ለዘመዷ ሰጥታው ነው!»

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። ወይዘሮ ምሕረት በየባጃጁ፣ በየሱቁ ተሰደቡ፤ ጉቦኛ ተባሉ። እልፍነሽ ይኼን ሁሉ እየሰማች እውነቱን ደበቀች። የእሷን ሽሮ በልተው፣ የነገረቻቸውን አምነው የሄዱ ሴት በእሷ ፈንታ ይሰደባሉ። መብራቱ ባልተከፈለ ሂሳብ ተቆረጠ፤ መዋኛውም ተዘጋ። ማክሰኞ አያ ታከለ መጥቶ ከበር ተመለሰ። ያምሮት «ሐሙስስ?» ብላ ስትጠይቃት እልፍነሽ «እስኪ ኑ» አለቻት። ሐሙስም መጡ። ከዚያ በኋላ መምጣቱን ተዉት። እልፍነሽ ራሷን ጠላችው።

ከደብዳቤው በኋላ በአሥራ አንደኛው ቀን ባምላኩ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሁሉንም ነገረችው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ባምላኩ ግን ደብዳቤውን ከመሳቢያ አውጥቶ ቀኑን ቆጠረ።

«ቅሬታ ለማቅረብ አራት ቀን ቀርቶናል» አለ። «ኮሚቴው ቡሬ ነው የሚቀመጠው። ግን እኮ በዓይናቸው አይተዋል፤ አሁን ብንጽፍ ማን ያምነናል?»

እልፍነሽ በዚያው ጅጋ ወረደች። አያ ታከለ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ እግሩን በጋቢ ሸፍኗል። መቀመጫ ሳትይዝ ጥፋቷን ተናዘዘች።

«እንግዳ ሲመጣ ምን ልታደርጊ ኖሯል?» አላት። «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማደርግ።»

ይኼ ይቅርታው ነው አንጀቷን የቆረጠው። ገና የምትጠይቀው አልተጠየቀም።

«አያ፣ ቡሬ ይምጡልኝ። ኮሚቴው እግርዎን ይይ።»

ታከለ ጋቢውን ወደ ጉልበቱ ሰበሰበ። «እኔ እግሬን ለጎረቤት እንኳ አሳይቼ አላውቅም። ሰው ሲመጣ ሸፍኜ ነው የምቀመጥ።»

«አውቃለሁ።»

«ለልመና ልትወስጂኝ ነው?»

«አዎ፣ አያ። ለልመና ነው።» ዓይኖቿን ከመሬት አላነሣችም።

ታከለ ጋቢውን መልሶ እግሩ ላይ ዘረጋ። ከዚያ ያምሮትን ንጹሑን ሱሪ እንድታመጣለት ነገራት።

የቡሬው አዳራሽ ከየከተማው በመጣ ባለጉዳይ ሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ምሕረት እልፍነሽን ሲያዩ ተነሥተው ሳሟት። እልፍነሽ ሁሉም እየሰማ ተናገረች፤ ውኃው የአንድ ቀን እንደ ነበር፣ ናፍጣውን እንዴት እንደ ጨረሰችው፣ ሲጠይቋት እንዴት እንደ ዋሸች፣ እሳቸውም በእሷ ጥፋት እንደ ተሰደቡ፣ ገንዳው ከተዘጋ ወዲህ አያ ታከለ መለማመጃ እንዳጣ። ከአባላቱ አንዱ ራሱን ነቀነቀ።

«እኛ ያየነውን ነው የምናውቀው፤ ሞልቶ ነው ያየነው። መቸገራችሁን በምን እንመን?»

ያን ጊዜ ጠረጴዛው አጠገብ የተቀመጠው አያ ታከለ ጋቢውን ከእግሩ ላይ ገፎ ለያምሮት ሰጣት። የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨበጠ፤ ተነሣ። አንድ ተራመደ። ሁለተኛውን ሊያነሣ ሲል ጉልበቱ ከዳው፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በወገቡ ወደቀ፤ ሱሪው ተሰብስቦ የመነመኑት ቅልጥሞቹ ወጡ።

እልፍነሽ ጋቢውን ከያምሮት እጅ ነጥቃ ሮጠች። ልታለብሰው ስታጎነብስ ክንዷን ያዛት።

«ተይ፣ አታልብሽኝ» አላት፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ። «ጽፈው እስኪጨርሱ ይዩኝ።»

ወይዘሮ ምሕረት መነጽራቸውን ጠርገው መጻፍ ጀመሩ። እልፍነሽ ጋቢውን እንደ ያዘች አጠገቡ ቆመች፤ ጽሕፈቱም ረጅም ነበር።