ጀርባዬ መሬት የነካ ቀን

ልጅ እያለሁ አባቴን አንዴ ዋሽቼዋለሁ። አንዴ ብቻ ስል እናቴ ብትሰማ ትስቅብኛለች፤ ትሳቅ። ሌላው ሌላው የልጅ ቅጥፈት ነው፣ አይቆጠርም። ይሄኛው ግን የምር ውሸት ነበር። አሸንፌ ሳለሁ የተሸነፍኩ አስመስዬ ዝም አልኩት።

የውሸቴ ማስረጃ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ ጎዶሎ ካልሲ ውስጥ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥኔ ታች ተቀምጦ ነበር። ሜዳሊያ ነው። ወርቅ ይባል እንጂ ቀለሙ የተላላጠ ቆርቆሮ ነው። ቤት በቀየርኩ ቁጥር ካልሲውን ይዤው እዞር ነበር፤ ባነሳሁት ቁጥር ደግሞ የተማርኩበት አዳራሽ ሽታ ይመጣብኝ ነበር። የላስቲክ ምንጣፍ፣ ላብ፣ ታጥቦ በደንብ ሳይደርቅ የተለበሰ ወፍራም የጥጥ ልብስ። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ እኔ ግን እወደዋለሁ።

አባቴ ናይሮቢ ውስጥ የታክሲ ሹፌር ነበር። በጎንና በጎኗ ቢጫ መስመር ያላት ነጭ ቶዮታ ነበረችው፤ ከእኛ ይልቅ እሷን ነበር የሚያጥባት። እዚህ አገር ወላጅ የሚጠራው በልጁ ስም ነውና ታደሰ መባሉን የሚያውቅ ደንበኛ አልነበረም። የጊጊሪ ሰፈር የቢሮ ጠባቂዎችም፣ የሀብታሞቹ ሰፈር የሩንዳ ማዳሞችም «ባባ መቅዲ» ነበር የሚሉት። መቅዲ እኔ ነኝ፣ መቅደስ። ስሜ በየሀብታሙ ቤት በር ላይ ሲጠራ ስሰማ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ከደንበኞቹ አንዷ ክላውዲያ የምትባል ብራዚላዊት ነበረች። ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መጀመሪያ እሷን ከሩንዳ ይጭናል፣ ቀጥሎ እኔን ከትምህርት ቤቴ በር ያነሳል፣ ከዚያ ላቪንግተን የሚባል ሰፈር ያለ አንድ አዳራሽ ያደርሳታል። እሷ ውስጥ ሆና የምትሠራውን እስክትጨርስ እኔ የኋላ ወንበር ላይ የቤት ሥራዬን እሠራለሁ፣ እሱ ፊት ወንበር ላይ ያንቀላፋል። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። አንድ ማክሰኞ ዝናቡ አላቆም አለና የመኪናዋ መስታወት በትንፋሻችን ደበዘዘ። ክላውዲያ ከአዳራሹ ሮጣ መጥታ በሩን ከፈተች፣ «ባባ መቅዲ፣ ይቺ ልጅ እዚህ ምን ትሠራለች?» አለችው በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ፣ መልስም ሳትጠብቅ እጄን ይዛ አስገባችኝ።

ጉድ ነው ያየሁት! ትልልቅ ሰዎች ነጭ ወፍራም ልብስ ለብሰው፣ ቀበቶ ታጥቀው፣ መሬት ላይ ይንከባለላሉ። አንዱ ሌላውን አንቆ ይይዘዋል፤ የታነቀው በቃኝ ለማለት በእጁ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርገው ወዲያው ይለቀዋል፤ ከዚያ ተያይዘው ይስቃሉ። እኔ ባደግሁበት ቤት ሰው ተናንቆ አይስቅም። ጂዩ ጂትሱ ነው የሚባለው አለችኝ ክላውዲያ፣ የሷ ተማሪዎች ነበሩ። በሚቀጥለው ሐሙስ እጅጌው እስከ ጣቴ የሚደርስ አሮጌ ልብስ ይዛልኝ መጣች። አባቴ የጂምናስቲክ ነገር መሰለው። እኔም አላረምኩትም፤ ይሄም ውሸት ውስጥ አይገባም።

ከክላውዲያ በቀር ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። መጀመሪያ መጀመሪያ አሳሬን ነው ያየሁት። እናቴ ሴት ልጅ እግሯን ሰብስባ ነው የምትቀመጠው ስትል አሳድጋኛለች፤ እዚህ ደግሞ እግርሽን ክፈቺ፣ ወገቡን ቆልፊው ይሉኛል። ፊቴ በእፍረት ይቀላል፣ ትንፋሼ ይቆረጣል፣ የሁለት እጥፌ የሆነ ሰው ደረቴ ላይ ተጋድሞ ጣሪያውን እቆጥራለሁ። እናቴ ቅዳሜ አጥብቃ የሠራችው ሹሩባ ማክሰኞ ማታ አይጥ የበላው ይመስል ነበርና «ምን ዓይነት ጂምናስቲክ ነው ጸጉር የሚነጨው?» እያለች እየተነጫነጨች ትፈታዋለች።

ክላውዲያ ግን ነገሩን በአንድ አረፍተ ነገር ፈታችልኝ። ትንሽ ነሽ፣ ከላይ ልሁን ብለሽ ጉልበትሽን አትጨርሺ፣ ከታች ሆነሽ መኖር ልመጂ አለችኝ። ጀርባዬ ላይ ተኝቼ፣ በእግሬ እያራቅሁ፣ እጅጌና ኮሌታ ይዤ፣ የላይኛው ሰው እስኪሳሳት መጠበቅ አስተማረችኝ። ጊዜ ፈጀብኝ፤ ሲገባኝ ግን ወደድኩት። ከታች ሆኜ ማንም አላስፈራኝ አለ። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆነኝ ጎረምሶቹን ራሳቸውን ከዚያው ከተኛሁበት መታ መታ አስደርጋቸው ነበር።

አሁን ደግሞ የአባቴን ነገር ልንገራችሁ። አባቴ የደብረ ብርሃን ልጅ ነው፤ በልጅነቱ ከትምህርት ቤታቸው ጀርባ ባለ ሜዳ ላይ ትግል ይገጥም ነበር። ራት ላይ ደስ ያለው እንደሆነ ወሬው እሱ ነው። እነሱ ጋ ሕጉ አንድ ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ አለቀለት፣ ልብሱን አራግፎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «የኔን ጀርባ መሬት ያስነካ አልተወለደም» ይላል አባቴ፣ እጁን በጠረጴዛው ላይ እየመታ። ይሄን ወሬ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን ግን እኔ ከምማረው ነገር ጋር አገናኝቼ አላሰብኩትም። የኔ ሞኝነት!

የጂምናስቲኩ ነገር ያበቃው ስምንተኛ ክፍል ስገባ ነው። አባቴ አንገቴ ላይ የኮሌታ ፍትጊያ ያቆሰለውን አየና አፋጠጠኝ፣ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ቤቱ ተቀወጠ። እናቴ ጭንቅላቷን ይዛ ተቀመጠች። አባቴ ሴት ልጅ አሳድጌ ለድብድብ ነው ወይ አለ፤ ቡጢ የለውም አባዬ ብለው ማን ይስማኝ። የመጨረሻው ቃሉ ይሄ ሆነ፦ «ነሐሴ ላይ ውድድር አለ ብለሻል። እኔም መጥቼ አያለሁ። አሸንፊና ይውጣልሽ፤ ከዚያ በኋላ በቃ፣ ትምህርትሽ ላይ ቁጭ ትያለሽ!» አባቴ ቃል ከወጣው ወጣው ነው። እኔ ግን በልቤ አንድ ነገር ይዤ ነበር። ሳሸንፍ በዓይኑ ካየ ልቡ ይራራል፣ ተዪ ማለቱን ይረሳዋል ብዬ ነው ያን ሰሞን ሁሉ የተለማመድኩት።

ውድድሩ ላቪንግተን ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ፣ መኪናዋን አጥቦ መጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። እውነቱን ለመናገር በኔ ኪሎ የተገኘነው ሁለት ሴቶች ብቻ ነበርን፤ እኔና ከሞምባሳ የመጣች አንዲት ረጅም ልጅ። በአንድ ግጥሚያ ወርቅ! ይሳቅበት እንጂ ቀበቶዬን ሦስቴ ፈትቼ አስሬ ነበር የገባሁት። ዳኛው ጀምሩ እንዳለ እጅጌዋንና ኮሌታዋን ያዝኩ፣ ከዚያ ሁለት ዓመት እንደተማርኩት ራሴ ቁጭ ብዬ በጀርባዬ ተኛሁ።

እንግዲህ አባቴ ምን እንዳየ አስቡት። ልጁ ገና ሳትነካ ወደቀች። ልጅቷ ላዬ ላይ ወጥታ ስትጫነኝ በክርኗ ሥር አጮልቄ ሦስተኛውን ረድፍ አየሁ። አባቴ ተነስቶ ቆመ። ቆቡን ደፋ። ከሰው ጉልበት ጋር እየተጋፋ ወደ በሩ ሄደና ወጣ። አባዬ ቆይ፣ ገና እኮ ነው ልለው ፈለግሁ፤ አፌ ግን በልጅቷ ትከሻ ተደፍኗል። በዚያች ቅጽበት ልትጨርሰኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር። ከዚያ ንዴት መጣ። በሷ አይደለም፣ በሱ ነው የተናደድኩት። በእጇ እስክትሳሳት ጠብቄ አንገቷንና አንድ ክንዷን በእግሮቼ መሀል ቆለፍኩ፣ ጭንቅላቷን ወደ ታች ሳብኩ። ጭኔን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው። ዳኛው እጄን ሲያነሳ የማየው ባዶውን ወንበር ብቻ ነበር። ክላውዲያ እያቀፈችኝ ሜዳሊያውን ስታጠልቅልኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ የደስታ መሰለው።

ጃኬቴን ከላይ ደርቤ ወጣሁ። ሜዳሊያውን አውጥቼ ይኸው፣ ብትቆይ ታይ ነበር ብዬ ፊቱ ላይ ላሳየው ነበር ሐሳቤ። አባቴ መኪናዋን ተደግፎ ቆሟል፣ በሁለት እጁ በቅጠሉ የተያዘ ትኩስ የተጠበሰ በቆሎ ይዟል። ማሂንዲ ይሉታል እዚህ፣ እኔ እንደምወደው በርበሬና ሎሚ የበዛበት። ዚፔን እስከ ግማሽ ስከፍት እሱ ቀደመኝ።

«ፖሌ፣ የኔ እናት» አለኝ፣ አይዞሽ ማለቱ ነው በስዋሂሊ። ወደ እኔ አያይም፣ አስፋልቱን ነው የሚያየው። «እዚያ ቁጭ ብዬ አንቺ ስትወድቂ ማየት አቃተኝ። ያ ጀርባዬን መሬት ያስነካ አልተወለደም የምልሽ ወሬ... ውሸት ነው። ስንቴ ወድቄያለሁ መሰለሽ። አንድ ቀን ግን ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ ጣሉኝ፤ የገዛ ወንድሜ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲያ ሜዳው ድርሽ አላልኩም። እንደወደቅሁ ቀረሁ። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።» በቆሎውን ሰጠኝ። «አንቺ ግን እንደኔ ወድቀሽ አትቀሪም። የስምንተኛ ክፍል ፈተናሽን ትፈተኛለሽ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ደግሞ ትመጫለሽ፤ እስክታሸንፊ ድረስ!»

እስክታሸንፊ ድረስ። ሜዳሊያው ደረቴ ላይ ይቀዘቅዘኛል። ባሳየው ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ ቃሉ ቃል ነው። ደግሞም አባቴ በአሥራ ሦስት ዓመት ዕድሜዬ ሙሉ እንደዚያ አጫውቶኝ አያውቅም፤ ያን ሁሉ ካወራ በኋላ እኔ እኮ አሸንፌያለሁ ብዬ ላሳፍረው አልቻልኩም። ዚፔን እስከ አገጬ ዘጋሁት። እሺ አባዬ አልኩት። በቆሎው በጣም ያቃጥል ነበር፣ ለእንባዬ ምክንያት ሆነኝ።

እንዲህ ሆኖ ቀጠልኩ። በኋላ ባሉት ዓመታት አሸነፍኩም፣ ተሸነፍኩም፤ አባቴም ሕጉን ቀስ በቀስ ለመደው፣ የመተው ወሬ ማንም ሳያነሳው ተረሳ። ክላውዲያ ወደ አገሯ ከተመለሰች ቆየች። ዛሬ እኔ ነኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ናይሮቢ የሰዎችን ልጆች ጂዩ ጂትሱ የማስተምረው። ያኔ እኔ ብቻዬን ነበርኩ፣ አሁን ሃያ ምናምን ሴት ልጆች አሉኝ፤ ግማሹን በስዋሂሊ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ያስቸገሩኝን በአማርኛ እቆጣለሁ። ወላጆቻቸው ስልካቸውን ደግነው እያንዳንዷን ነገር ይቀርጻሉ፣ ማታውኑ ዋትስአፕ ላይ እናየዋለን። የኔን ቀን የቀረጸ የለም። አንዳንዴ እቀናባቸዋለሁ።

አባቴ አሁን አይነዳም፣ ጉልበቱ እምቢ ብሎታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግድግዳው ጥግ የላስቲክ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ባለፈው ወር በልጆቹ መሀል ትንሽ ግጥሚያ አዘጋጅቼ ነበር። አንዷ የአበሻ ልጅ፣ ገና ስምንት ዓመቷ ነው፣ እንዳስተማርኳት ኮሌታ ይዛ በጀርባዋ ተኛች። አባቷ ለመጀመሪያ ጊዜ መምጣቱ ነው። ፊቱ ጠቆረ፣ ተነሳና ወደ በሩ ሊሄድ ሲል አባቴ እጁን ዘርግቶ የኮቱን ጫፍ ያዘው።

«ቁጭ በል ወንድሜ፣ ገና ነው» አለው። «እኔ አንዴ ቸኩዬ ወጥቼ ልጄ ስታሸንፍ ሳላያት ቀረሁ።»

አሥር እርምጃ ርቄ ነው የቆምኩት። ፊሽካው ከአፌ ወደቀ። ለካ ያውቃል! እንዴት አያውቅ? ከሩንዳ እስከ ትምህርት ቤቴ በር ድረስ ክላውዲያና እሱ ብቻቸውን አይደል የሚመጡት? ከውድድሩ በኋላ ባለው ማክሰኞ፣ እኔን ከማንሳታቸው በፊት፣ ባባ መቅዲ ልጅህ እኮ ወርቅ ወሰደች ሳትለው ትቀራለች? ስለዚህ እኔ ማሸነፌን ደብቄው፣ እሱ ማወቁን ደብቆኝ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት አብረን ራት በላን። እንድቀጥል እሱም ፈልጎ ነበር።

ያን ቀን ማታ ካልሲውን ይዤ ወላጆቼ ቤት ሄድኩ። ሜዳሊያውን ከካልሲው አውጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። መነጽሩን ፈልጎ አደረገ፣ አገላበጠው፣ የተላላጠውን ቀለም በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ትንሽ ናት እኮ አለ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠራረገው፤ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

«በይ እንግዲህ» አለኝ መጨረሻ ላይ፣ «ካሸነፍሽ በቃ፣ ትምህርትሽ ላይ ቁጭ በይ።»

ሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው። እሺ አባዬ አልኩት።