የአርባ ስምንተኛው ስምምነት ባለጉዳይ

ይታወጅ! ዓይኗ ደክሞ መኪና መንዳት የተወችው በአሜሪካ የአንዲት በቆሎ አብቃይ ግዛት ነዋሪዋ ወይዘሮ ቨርና ሃልቮርሰን፣ በግዛቲቱ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ሁለት ሙሉ ደቂቃ እንድትናገር ተፈቅዶላታል!

ባሏን ኦርቪልን በሳምንት ሦስቴ ወደ ኩላሊት ማጠቢያው የሚያመላልሰው መኪና የሚሠራው በፌዴራል ገንዘብ ነው። ግዛቲቱ ከዋሽንግተን ጋር በተፈራረመችው አዲስ ስምምነት ግን ከሰኞ ጀምሮ መኪናው ይቀራል። ስምምነቶችን ለሚመረምረው ለዚሁ ኮሚቴ ስድሳ አንድ ስምምነት በአንድ ጥራዝ ቀረበለት፤ የመኪናው አርባ ስምንተኛው ነበር። አንድ አባል «ይህ ለብቻው ይታይ» ካላለ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ የድምፅ አሰጣጥ ያልፋሉ። ማንም አላለም፤ ጥራዙን የገለጠም አልነበረም። የቨርና ተራ የደረሰው አራት ሰዓት ሙሉ ከጠበቀች በኋላ ነው።

«ስለ አርባ ስምንተኛው ነው የመጣሁት» አለች።

«እሱማ ጠዋት አለፈ፣ እማማ» አሉ ሰብሳቢው። «የሕዝብ አስተያየት የሚሰማው ከድምፁ በኋላ ነው። አይዞዎት፣ ቃልዎ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።»

«መዝገቡ መንጃ ፈቃድ አለው? ሰኞ ባሌን ማን ያደርስልኛል?»

አዳራሹ ሳቀ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ገና አርባ ሰከንድ ቀርቷት ነበር።

አንተ አንባቢ፣ ምናልባት ነገ እዚያ የኮሚቴው ወንበር ላይ ብትቀመጥ፣ ድምፅ ለመስጠት እጅህን ከማውጣትህ በፊት እባክህ አርባ ስምንተኛውን ገልጠህ አንብበው።