የአጎቴ ምንሽርና የደምሴ መዝጊያ

ያ ነገር ቀኝ ዓይኔንና የእናቴን ወንድም አስከፍሎኛል። ዋጋውን ቀድሜ የምናገረው፣ ዋጋ ደብቆ ዕቃ የሚያሞግስ ነጋዴ ስለማልወድ ነው።

ባለፈው ሳምንት ወልድያ ካለው ሱቄ አንድ ጎልማሳ ገባና የብየዳ መነጽር ጠየቀኝ። አወረድኩለት። መስታወቱን በጥፍሩ መታ መታ አደረገው።

«ፍንጣሪ ይችላል?»

«ብየዳ ቤት ከፈትክ እንዴ?»

«ኧረ እኔ ገበሬ ነኝ፣ ጋሼ። ጠብመንጃዬ በተኮስኩ ቁጥር ፊቴ ላይ እየተፋ አስቸገረኝ።»

አገሩን ብጠይቀው መርሳ አጠገብ ያለችው ግራና ናት አለኝ። መነጽሩን ከእጁ መልሼ ተቀበልኩት፤ በርጩማ ሳብኩለትና የራሴን ነገር አጫወትኩት።

ያኔ ጢሜ ገና ያቀመቀመ ነበር። ከመርሳ ብርቱካን ጭኜ ወልድያ እሸጣለሁ፤ ስመለስ ጨውም ይሁን ሳሙና የተገኘውን አመጣለሁ። ከጭነቱ አናት ላይ ተኝቼ እየተጓዝኩ፣ ከጆንያው የሚወጣው የብርቱካን ሽታ ከመንገዱ አቧራ ጋር ተደባልቆ ጉሮሮዬ ውስጥ ይገባል። ዛሬም ብርቱካን ስልጥ አቧራ አቧራ ይለኛል።

አጎቴ አየለ ግራና አጠገብ ያርሱ ነበር። ከጎረቤታቸው ከደምሴ ጋር የሚያጠጡት ከአንድ ቦይ ነው። በዚያ ዓመት ውሃ አነሰ። ደምሴ ተራው ሳይደርስ ቦዩን ወደ ማሳው ቀለበሰው፤ የአጎቴ የበኩር ልጅ ሊመልስ ወረደ። ደምሴ በአካፋ ጭንቅላቱን ፈልጦ እዚያው ቦዩ ውስጥ ጣለው። ሬሳው ውሃውን ገደበው። ሰው ሲደርስ የአጎቴ ማሳ እንደደረቀ ነበር፤ የደምሴ ግን ጠጥቶ ጠግቦ ነበር።

ደምሴ ቆላ ወርዶ ከረመና ማሽላው ሲታጨድ ተመለሰ። ሽማግሌዎች ለእርቅ ቢመላለሱ አጎቴ እሺ አላሉም። ጠብመንጃቸውን ብቻ ነበር የሚያስቡት።

እዚህ ላይ የአገራችንን አንድ ልማድ ልንገራችሁ። የቸገረው ሰው በጠብመንጃው እህል ሲበደር ሙሉውን አያስይዝም፤ ለቅሶና ሠርግ ላይ ባዶ ትከሻ ይዞ መታየት ከረሃብ ይብሳል። ስለዚህ አበዳሪው ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋውን ብረት፣ መዝጊያውን ብቻ፣ ነቅሎ ይወስዳል። ባለቤቱ ማሽላውን እስኪመልስ ድረስ የሚያነግተው ምርኩዝ ነው፤ ያየው ሁሉ ግን ጠብመንጃ ይለዋል። እንዲህ ያለ ጨዋ ውሸት ሌላ አገር አላየሁም።

አጎቴም በዚያ በጋ የምንሽራቸውን መዝጊያ መርሳ ላሉት እህል ነጋዴ ለጋሽ እንድሪስ አስይዘው ነበር። አዝመራው ሲገባ አስመለሱ። እኔ ከወልድያ ጥይት ገዛሁላቸው። የግራር ግንድ አልመው ቢተኩሱ፣ ጠብመንጃው ወደፊትም ወደኋላም ተኮሰ፤ ትኩስ ጭስና የነሐስ ፍንጣሪ ጉንጫቸውን ጠበሰው።

መንደሩ ሁሉ ባለሙያ ሆነ። አንዱ ቅባት በዝቶበታል አለ፤ በነጭ ጋዝ ታጠበ። ሌላው ሰደፉ ከጉንጭዎ ይራቅ አለ፤ አራቁት። አንዷ መበለት የሰው ዓይን ነው ብላ ጠበል አስረጨችበት፤ ጠበሉ የጨመረልን ዝገት ብቻ ነው። አጎቴ ውለው አድረው ምላጩን ሲነኩ ዓይናቸውን መጨፈን ጀመሩ። ዓይኑን ጨፍኖ የሚተኩስ ሰው ደግሞ የሚመታው ጠላቱን ሳይሆን ጠላቱ የሚኖርበትን አገር ነው።

አንድ ቀን የተላጠ ፊታቸውን ቅቤ ተቀብተው አስጠሩኝ።

«ደምሴ ስንት ሰጠህ?»

«ምን አሉ?»

«ጥይት ብለህ ይህን ትፋት ለማምጣት ስንት ሰጠህ? ብርቱካን ሻጭ የማይሸጠው ምን አለ! ዘመድም ትሸጣለህ!»

ሰው ተሰብስቧል። ዝም ብል ጥፋቱ የኔ ይሆናል፤ በዚያ መንደር ደግሞ እንዲህ ያለ ጥፋት በእርግማን አያልቅም።

«ያምጡት» አልኩ። ተቀብዬ ደገንኩና፣ ዓይኔን ላለመጨፈን ለራሴ ምዬ ምላጩን ሳብኩት።

ድምፁን አልሰማሁም። የፈላ ዘይት የተደፋብኝ መሰለኝ። ፊቴን ስነካው እጄ ላይ ደምና ሌላ ስሙን መጥራት የማልፈልገው እርጥብ ነገር ቀረ። አጎቴ ኩታቸውን ቀደው እያሰሩልኝ፣ «አልሸጥክም፣ ልጄ፣ አልሸጥክም» ይሉ ነበር። የታማኝነት ምስክር ወረቀቴ ይኸው ፊቴ ላይ አለ።

ሕመሙ ሲለቀኝ ከተኮስንበት ቦታ የወደቁትን ቀልሃዎች ለቀምኩ። ሁሉም የተሰነጠቁት አንድ ቦታ ላይ፣ ከቂጣቸው ከፍ ብሎ ነው። ጆንያ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከተቀደደ ነጋዴ ጆንያውን ትቶ መኪናውን ነው የሚያየው። ምንሽሩን በግራ ዓይኔ መረመርኩት። አካሉ ላይ የተመታው ቁጥር ሌላ፣ መዝጊያው ላይ ያለው ሌላ። መዝጊያው ልክ ስላልሆነ ጥይቱን ከኋላ አጥብቆ አይዝም፤ ቀልሃው ይተረተርና እሳቱ በስንጥቁ ወደ ተኳሹ ይመለሳል።

መርሳ ወርጄ ለጋሽ እንድሪስ ነገርኳቸው። ፊቴን አይተው ጎንበስ አሉ።

«ወላሂ፣ ልጄ፣ የሁለት ምንሽር መዝጊያ አንድ ጎታ ማሽላ ውስጥ ነበር የቀበርኩት። ብረት ያው ብረት ነው ብዬ ስመልስ ተለዋውጠውብኝ ነዋ!»

«ሁለተኛው የማን ነው?»

ወደ ሰማይ አዩ። «የደምሴ» አሉ።

ተከትለውኝ ግራና መጡ። መዝጊያዎቹን እኔው አለዋውጣለሁ፤ ያን አሳብበን ሽማግሌም እናስገባ ብለው አጎቴን ለመኑ።

«ልጄን ለገደለ ሰው ጠብመንጃ ላድስለት?» አሉ አጎቴ።

«የእርስዎም እኮ ይታደሳል» አልኩ።

«የሱም ይታደሳላ!» ካሉ በኋላ ቀስ ብሎ አንድ ነገር ገባቸው። «እንግዲያ የሱም ይተፋበታል?»

የተላጠው ጉንጫቸው እየደማ ሳቁ። ያን ሳቅ ሳይ መሄዳቸው እንደማይቀር አወቅሁ።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ታጭዶ የቀረው የማሽላ ቆረን ጤዛ እንዳዘለ፣ በውሃ ባራሱት ነጠላ ፊታቸውን ጠቅልለው ወደ ቦዩ ወረዱ። ልለምናቸው ስሮጥ ደምሴን ከማዶ ምንሽሩን ደግኖ አየሁት። ሁለቱም ባንድ ጊዜ ተኮሱ፤ ሁለቱም ጮኹ። ማንም ማንንም አልመታም፤ ሁለቱንም የመታቸው የገዛ ጠብመንጃቸው ነው። ደግመው አጎረሱ፣ ደግመው ተኮሱ። የደምሴ ጉንጭ ተተርትሮ ጥርሱ ታየ። ከዚያ ቦዩን ዘለው በሰደፍ ተያያዙ። የአጎቴ ነጠላ ተንሸራትቶ ዓይናቸውን ሸፈነው፤ ሊያነሱት እጃቸውን ሲሰዱ ደምሴ ሰደፉን አናታቸው ላይ አሳረፈው። ደገመው። ወድቀውም አላቆመም፤ ዓይኑን ደም ስለጋረደው መውደቃቸውን አላየም። እኔ ስደርስ የሚቀጠቅጠው ጭቃውን ነበር።

ደምሴን ሰዎች አስረው ለመንግሥት ሰጡት። በቀብሩ ላይ የሟች ጠብመንጃ መተኮስ ነበረበት፤ ደፍሮ የሚያነሳው ግን ጠፋ። ጋሽ እንድሪስ ከሽማግሌዎቹ እጅ የደምሴን ምንሽር ተቀብለው መዝጊያውን ነቀሉና በአጎቴ ምንሽር ላይ ገጠሙት። ቁጥሩ ቁጥሩን አገኘ። በግራ ትከሻዬ አስደግፌ፣ በቀረችኝ ዓይኔ ሰማዩን አይቼ ተኮስኩ። ጉንጬን የነካው ንፋስ ብቻ ነው። እንደዚያ ያለ ጨዋ ጠብመንጃ ተኩሼ አላውቅም።

ጎልማሳው ይህን ሁሉ መነጽሩን እያየ ሰማኝ።

«ሂድና ቁጥሩን እይ» አልኩት። «ካልገጠመ አትተኩስበት። ያንተን መዝጊያ የያዘውን ሰው ታውቀዋለህ?»

ጥያቄዬን እንዳልሰማ ኪሱን ዳብሶ ብር አወጣ። ያን ጥድፊያ አውቀዋለሁ።

«ታረቀውና ተለዋወጡ።»

«ጋሼ፣ መነጽሩን ይሸጡልኛል ወይስ አይሸጡልኝም?»

መልሼ ሰቀልኩት። ወጥቶ መንገዱን ተሻገረና ከፊት ለፊቱ ሱቅ ገዛ።

ወጪ አንድ አጎትና አንድ ዓይን። ገቢ የለም።