ያለመነቃነቅ ልምምድ

ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፤ ቂጧ መቀመጫ አያውቅም። ባጃጅ ውስጥ እንኳ ሾፌሩ ትከሻ ላይ ካልወጣች አይሆንላትም። እናም የኩላሊቷ ዕጢ በቀዶ ጥገና ከወጣ በኋላ፣ አዲስ አበባ ያለው ሐኪም «የቀረውን በጨረር እናክማለን፤ ክፍሉ ውስጥ ብቻዋን፣ ሳትነቃነቅ መተኛት አለባት» ሲለን ሳቅ አመለጠኝ። እሱ ግን አልሳቀም። ካልቻለች በማደንዘዣ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ሌላ ረጅም ወረፋ አለ። በሽታው ወረፋ አይጠብቅም።

ተራችን እስኪደርስ ወደ ቤታችን፣ ሮቤ ተመለስን። ባሌ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብሎ ልምምድ ጀመረ። የምግብ ጠረጴዛው አልጋ ሆነ፣ ባሌ ራሱ የጨረር መሣሪያ። ወንፊት ይዞ «እዝዝዝ» እያለ ይዞራታል፤ ከዚያ ወጥተን በሩን እንዘጋለን። «ተነሺ» እስክንላት ካልተነቃነቀች ብስኩት ታገኛለች። መጀመሪያ ሰሞን ትስቃለች፣ አፍንጫዋን ታካለች፣ መሣሪያው ምሳ በልቶ እንደሆነ ትጠይቃለች።

አንድ እሁድ ግን ጸጥ አለች። ብርድ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ ነጠላ አልብሰናት፣ እኛ በሩን ዘግተን በረንዳ ላይ ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን። ያለ እሳቸው የሰፈሩ ለቅሶ የማይደምቅ አሮጊት ጎረቤታችን ለበሽተኛዋ ወተት ይዘው በጓዳ በር ገቡና ተጋድማ አዩዋት።

«ዋዮ! ዋዮ ኢንተላ ኮ!» አሉ በኦሮምኛ፤ ወይኔ ልጄን! ማለታቸው ነው።

ወተቱ ተደፋ። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ እያለቀሰ ነው የሚመጣው። ቤቱ በአንዴ ሞላ።

«ኧረ አልሞተችም!» ብዬ ጮህኩ።

ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ያዙኝ። «አይዞሽ እህቴ፣ መጀመሪያ ላይ ልብ አላምን ይላል።»

የዕድሩ ሰዎች የድንኳን ቋሚ ተሸክመው ደረሱ። ባሌ ወንፊቱን እንደያዘ በር ላይ ሊያስቆማቸው ሲሟገት፣ ወንፊቱን አይተው ይብስ አዘኑለት።

ልጄ ንቅንቅ የለም። የአሮጊቷ እንባ ጉንጯ ላይ ሲንጠባጠብ እንኳ ዓይኗን አልገለጠችም። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈራሁ። ሴቶቹን አስለቅቄ ደረቷን ነካሁት፤ ትተነፍሳለች።

«ተነሺ!» አልኳት።

ብድግ ብላ ተቀመጠች። «ብስኩቴስ?»

አሮጊቷ መሬት ላይ ዘጭ አሉ። ነፍሳቸው መለስ ስትል ተቆጡ፦ «ይህን ሁሉ እንባ በከንቱ አስፈሰሳችሁኝ!» ሰዎቹም ሻይ ጠጥተው፣ ቋሚያቸውን ተሸክመው እያጉረመረሙ ሄዱ።

ተራችን ደርሶ አዲስ አበባ ገባን። የጨረር ክፍሉ ወፍራም በር ተዘጋባት። ውጭ ባለው ስክሪን አየኋት፤ ከዚያ ትልቅ መሣሪያ ሥር በጣም ትንሽ ነበረች። አልተነቃነቀችም። ያን ሁሉ ቀን አርፈሽ ተኚ ስላት የኖርኩ ሴትዮ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንዴ እንኳ አፍንጫዋን ብታክ ብዬ ተመኘሁ። የነጠላዬን ጫፍ ነክሼ ቆምኩ።

በሩ ሲከፈት ገብቼ «ተነሺ» አልኳት። ዙሪያዋን አየች።

«ዛሬ ማንም አላለቀሰም?»

«ማንም» አልኳት፣ ፊቴን በነጠላዬ እየጠረግሁ።

«ታዲያ ይሄማ ቀላል ነው» አለችኝ።