በዳክዬ የተፈታው ትዳር

ፀሐይወርቅ ባሏን በዳክዬ ምክንያት ፈታችው ተባለ። ወሬው ከመንዟ ከተማ ከዘመሮ የተነሣው በነሐሴ ጭቃ ነው፤ የነሐሴ ጭቃ መኪና ይይዛል እንጂ ወሬ አይይዝም። ጎረቤት ከተማ ቀየት ሲደርስ ዳክዬው ላባውን አራግፎ ሰው ሆነ፤ «ዳክዬ» የሚሉት የመንገድ ሥራ ሾፌር ነው፣ ጋቢና አስቀምጦ ይዟት ሄደ አሉ። ዓለም ከተማ ሲገባማ ፀሐይወርቅ መንታ ወልዳ ነበር። እዚያ ያለች አክስቷ ለአራሷ የሚሆን ቅቤ ይዛ መናኸሪያ ውላለች።

ባሏን አልፈታችም። መንታም አልወለደችም። ዳክዬው ግን ነበረ፤ እሱን መካድ አይቻልም።

ፀሐይወርቅ ዘመሮ ላይ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት። ባሏ ፈለቀ የከተማዋ ቪዲዮ ቤት ባለቤት ነው። ቪዲዮ ቤቱ በቆርቆሮ የተከደነ አንድ አዳራሽ ነው፤ አግዳሚ ወንበሮች፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ዴክ፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ እንደ ታመመ በሬ የሚያጓራ ጄኔሬተር አለው። ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው ፊልሙን ይውጠዋል፤ ሰው የተናጋሪዎቹን አፍ እያየ የየራሱን ወሬ ይሞላበታል። 

ያኔ ሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሊያልቅ፣ ሚሊኒየሙ ሊገባ ነው። ለበዓሉ ድራማ ይዘጋጅ ተብሎ ነገሩ ፀሐይወርቅ ላይ ወደቀ። ከዚያ በፊት ለተማሪ ፈተና ካልሆነ በቀር ምንም ጽፋ አታውቅም። ክረምቱን ሙሉ ጻፈች። ድራማዋ ከጎረቤቷ ወንፊት ስለተዋሰች ሴት ነው። ወንፊቱ ይቀደድባታል፤ «ቀደድኩት» ማለት ያፍራታል፤ ስለዚህ ጎረቤቷን ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች። በመጨረሻ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለመው እንኳ አጥሩን በጓሮ ዞራ ነው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አዳራሽ ያለው ፈለቀ ብቻ ነው። መድረክ ላይ ቆሞ የማይንተባተብ ወንድ ደግሞ በከተማዋ እሱ ብቻ ነው። ጽሑፉን አንብቦ ሲጨርስ፣

«ወንፊት?» አለ። «ሺህ ዓመት ሙሉ የተጠበቀ በዓል ነው እኮ ፀሐይ! ሺህ ዓመት ተጠብቆ ወንፊት?»

«ሺህ ዓመት ሙሉ ተውሶ ያልመለሰ የለም?»

«ምኑ ያስቃል? ዳክዬ አስገቢበት።»

ዳክዬው እንግዲህ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ፈለቀ ከደብረ ብርሃን ሁለት የፈረንጅ ካርቱን አምጥቶ ነበር። ካርቱን ሲባል የልጆች እንዳይመስላችሁ፤ ሥዕል ናቸው እንጂ ይጠጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ ሚስት ይደብቃሉ። አንደኛው ዳኛ የሆነ ዳክዬ ታሪክ ነው። መዶሻውን በመታ ቁጥር ሱሪው ይወልቃል፤ ማንንም ሳይሰማ ይፈርዳል፤ በየደቂቃው ስድብ ያወርዳል። ሁለተኛው ደግሞ ቤት የምታከራይ አሮጊት ታሪክ ነው። አንገቷ ላይ የቁልፍ ዘለላ ስለምታንጠለጥል የዘመሮ ሰው «እትዬ ቁልፌ» አላት። ፈለቀ ከዳክዬው ጋር፣ ፀሐይወርቅ ከእትዬ ቁልፌ ጋር፤ ባልና ሚስት እራት በቀረበ ቁጥር ይከራከራሉ።

«በዳክዬው ቀን ሰው ሲስቅ አግዳሚ ተሰብሯል» አለ ፈለቀ። «የአሮጊቷን ቀን ምን ተሰበረ?»

«ዳክዬው የሚናገረውን ወስደህ እዚያው ካርቱን ውስጥ ላለው ፖሊስ ስጠው፣ ለጸሐፊዋ ስጣት፤ ያው ነው፣ ያስቃል። የእትዬ ቁልፌን ቃል ግን ከአፏ አውጥተህ ለማንም ብትሰጥ አይሆንም። ጽሑፍ ማለት ይኼ ነው።»

«ታዲያ የኔው አይሻልም? ለሁሉም የሚሆን ቀልድ!»

ክርክሩ ቀልድ ሆኖ በቀረ ደግ ነበር። ግን አንድ ማለዳ ፈለቀ ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ «ወይ ዳክዬው ይገባል፣ ወይ እኔ እወጣለሁ! አዳራሹም አይከፈትም!» ብሎ ጮኸ። ድራማውን ማለቱ ነው። ፀሐይወርቅ ጃንጥላዋን ይዛ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። እትዬ ጌታነሽ፣ ጠላ ሻጯ ጎረቤታቸው፣ እንስራ እያጠቡ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀየትና ዓለም ከተማ የሆነውን ታውቃላችሁ።

ፀሐይወርቅ የሄደችው ጋሽ ወዳጆ ቤት ነው። ጋሽ ወዳጆ ያላስታረቁት ጠብ የለም፤ ከጎናቸው ደግሞ የባልና ሚስቱ የንስሐ አባት አባ ተገኘ አሉ። ፈለቀ ተጠርቶ መጣ፤ ነገሩ ተነገራቸው። ጋሽ ወዳጆ ጭራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«በድንበር አስታርቄያለሁ። በበግ አስታርቄያለሁ። በዳክዬ ግን ገና ነኝ። ዳክዬው የማን ነው?»

«የፈረንጅ ነው ጋሼ።»

«ታዲያ ፈረንጁ ይጠራ!»

ፀሐይወርቅ ልቅሶዋን ትታ ሳቀች። ከዚያ ቃሏን ሰጠች፦ ሽማግሌዎቹ ሁለቱን ይዩ፤ ዳክዬው በለጠ ካሉ ዳክዬ ታስገባለች፤ እትዬ ቁልፌ በለጠች ካሉ ፈለቀ ወንፊቱን እንደተጻፈ ይሠራል። ፈለቀም ተስማማ።

«እንግሊዝኛውን ማን ሊነግረን ነው?» አሉ አባ ተገኘ።

«እኔ» አሉ ሁለቱም እኩል።

ጋሽ ወዳጆ የሰው ተንኮል አይጠፋቸውም። «እንዲህ ይሁን። አንቺ የሱን ዳክዬ ተርጉሚ። አንተ የሷን አሮጊት ተርጉም። ላትጨምሩ፣ ላትቀንሱ፣ እዚሁ አባ ፊት ማሉ።» ማሉ።

ፍልሰታ ተፈቶ በመጣው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቪዲዮ ቤት ገቡ። እትዬ ጌታነሽም ማንም ሳይጠራቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የዘሩት ወሬ ከምን እንደደረሰ ማየት አለባቸው።

መጀመሪያ ዳክዬው። ፀሐይወርቅ አበላሽታ ብትተረጉም ማን ያውቅባታል? መሐላው ግን አለ፤ ደግሞም ቀልድ አኮላሽቶ ማቅረብ ተፈጥሮዋ አይደለም። ድምጿን አጎርንና፣ አንገቷን አስግጋ፣ ቆርቆሮውን ከሚደበድበው ዝናብ በላይ እየጮኸች ተረጎመች። መሐል ላይ ዳክዬው አንድ ነውር ተናገረ። እሷም ቆመች።

«አባ፣ ይኼን ልዝለለው?»

«ምለሻል እኮ ልጄ። ተናገሪው፤ እኔ ጆሮዬን እይዛለሁ።» ያዙ። ጣቶቻቸው ግን ገርበብ ያሉ ነበሩ። ጋሽ ወዳጆ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ወትፈው እንባቸው ወረደ። እትዬ ጌታነሽ፣ «በስመ አብ! ይኼንንስ ዳኛ የማውቀው መሰለኝ!» እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። ፀሐይወርቅ በገዛ አፏ የገዛ ድራማዋን ስትቀብር ዋለች።

ቀጥሎ እትዬ ቁልፌ። ፈለቀ ሲጀምር ደረሰኝ የሚያነብ ይመስል ነበር። ሴትየዋ ሦስት ክፍል አላት፤ ያለው ተከራይ ግን አንድ ጥሩምባ ነፊ ብቻ ነው። በጥሩምባው ታማርራለች፣ ግድግዳ ትደበድባለች፣ «ውጣልኝ!» ትላለች። አንድ ቀን እውነት ወጣ። እሷም ጸጥታ አገኘሁ ብላ ተኛች፤ እንቅልፍ እምቢ አላት። ተነሥታ ባዶውን ክፍል አንኳኳች። «ቀስ በልልኝ!» አለች፣ ማንም በሌለበት።

ይህን ሲተረጉም የፈለቀ ድምፅ ወረደ። ሳያውቀው «እሷ» ማለቱን ትቶ «እሳቸው» እያላት ነበር።

በነጋታው እትዬ ቁልፌ «የሚከራይ ክፍል» ብላ በር ላይ ለጠፈች። ዋጋውን ግን እጥፍ አደረገችው።

«ለምን?» አሉ ጋሽ ወዳጆ።

«አልተናገሩም ጋሼ።»

«አንተ ተርጉም እንጂ!»

«አልተናገሩም! መሐላ አለብኝ፤ ያላሉትን ከየት አመጣለሁ?»

እዚያ ላይ ሲዲው ተንተባተበና ቆመ። ጭረት ነው። ፈለቀ አወጣው፣ በሸሚዙ ወለወለው፣ መልሶ አስገባው፤ እምቢ አለ። ሽማግሌዎቹ አልሳቁም። አባ ተገኘ ብቻ «እህ» አሉ። ፍርዱ ለሚቀጥለው እሑድ ተቀጠረ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ፈለቀ ጃንጥላውን ለሁለቱ ዘርግቶ፣ «ዳክዬውን እንዳንቺ የሠራው የለም፤ ራሱ ዳክዬውም» አላት።

«ዝም በል።»

እንደምትሸነፍ እርግጠኛ ነበረች። ሳምንቱን ሙሉ ድራማዋ ውስጥ ዳክዬ የሚገባበት ቀዳዳ ፈለገች። ባለወንፊቷን ጎረቤት ዳክዬ አርቢ አደረገቻት፤ መንዝ ብርድ ላይ ዳክዬ የሚያረባ ማን ነው? ሰረዘችው። ዳክዬው ወንፊቱን እንዲቀደው አደረገች፤ ያኔ ሴትየዋ የምታፍርበት ነገር ጠፋ፤ እሷ ካላፈረች ደግሞ ድራማ የለም። ያንንም ሰረዘችው።

እሑድ ጋሽ ወዳጆ ግቢ ሲደርሱ ጩኸት ተቀበላቸው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ።

«ስግብግብ ናት አልኩዎ!» ይላሉ አባ ተገኘ። «ሰው አጥታ ዋጋ የምትጨምር!»

«እርስዎ ሴትየዋን አያውቋትም አባ! ገንዘብ ብትፈልግ እስከዛሬ ሦስቱንም ክፍል ትሞላው ነበር!»

«ጋሼ፣ ፍርዱ…» አለ ፈለቀ።

«ቆይ አንተ! ስለ ትልቅ ነገር እየተነጋገርን ነው።»

«ዳክዬውስ?»

«የቱ ዳክዬ?» ጋሽ ወዳጆ አሰቡ። «አዎ፣ ሱሪው የሚወልቀው። ሲያስቀን ዋለ እኮ! ምን ነበር ያለው አባ?»

አባ ተገኘ ግንባራቸውን አሹ። «እኔማ ጆሮዬን ይዤ ነበር።» ነውር ያልሆነውንም አላስታወሱም።

ፈለቀ ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አጠለቀው። ከዚያ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ዋጋውን የጨመሩት ሰው እንዳይገባበት ነው» አለ። «ክፍሉ ለጥሩምባ ነፊው ባዶ እንዲቆየው። ማስታወቂያ መለጠፋቸው ደግሞ… እንዳልጠበቁት እንዲመስል። ሳምንቱን ሁሉ ሳስበው ነው የከረምኩት።»

ፀሐይወርቅ ባሏን ልክ ዛሬ እንደተዋወቀችው ሰው አየችው።

«ይኸው!» አሉ ጋሽ ወዳጆ ጭራቸውን አባ ላይ እየነቀነቁ። «እንግዲህ አሮጊቷንና ተከራይዋን ማስታረቅ አለብን።»

«የት አግኝተን ጋሼ?» አለ ፈለቀ።

ፍርድ የሚባል ነገር በዚያ ቀን ከሽማግሌዎቹ አፍ አልወጣም። ሲመለሱ ግን ፈለቀ መንገድ ላይ፣ «ሴትየዋ አጥሩን በጓሮ ስትዞር እኔ ባሏን ሆኜ ስጫወት እንዴት ልያት?» ብሎ ጠየቃት። ዳክዬው በዚያ ቀረ።

ወንፊቱ በመስከረም መድረክ ላይ ተሠራ። አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠለጠለ። ሳቁ እንደ ዳክዬው ቀን አልነበረም፤ አግዳሚ አልተሰበረም። ፀሐይወርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሳቁን ስታዳምጥ ጥፍሯን ጨረሰችው። በሦስተኛው ቀን ግን እትዬ ጌታነሽ ደጃፏን በርግደው ገቡ።

«እኔን ለማዋረድ ሺህ ዓመት ጠበቅሽ?»

«ምን አደረግሁ እትዬ?»

«ልመልስላት ነበር እኮ! አዲስ እስክገዛ ነው የቆየሁት! ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገራትም። ፀሐይወርቅ እትዬ ጌታነሽ የሰው ወንፊት እንዳለባቸው የሰማችው ገና ከራሳቸው አፍ ነው። በሳምንቱ ገበያ ላይ «ሴትየዋ ማን ናት?» የማይል አልነበረም፤ እያንዳንዱም የሚጠረጥራት አለችው። እትዬ ጌታነሽ ወንፊቱን መለሱ። ስለ መንታውና ስለ ሾፌሩ ግን እስከ ዛሬ ያስተባበሉት ነገር የለም።

ጥቅምት ሲገባ ፈለቀ ከደብረ ብርሃን ባዶ እጁን ተመለሰ። የእትዬ ቁልፌ ካርቱን ቀሪው የትም የለም። ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ ሽማግሌዎቹ፣ እትዬ ጌታነሽና ሌላም ሰው አግዳሚውን ሞልተው ይህን ሲሰሙ ለቅሶ ቤት የገቡ መሰሉ።

«እኔ ልጨርሰዋ» አለች ፀሐይወርቅ ከበሩ አጠገብ።

«ጻፊ ልጄ!» አሉ ጋሽ ወዳጆ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው። «ግን አስታርቂያቸው!»

«ጥሩምባ ነፊው ይመለስ!» አሉ እትዬ ጌታነሽ።

«እግዚአብሔር እርቅ ይወዳል» አሉ አባ ተገኘ።

ፈለቀ እንኳ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ፀሐይወርቅ ሁሉንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«እሺ፣ ላስታርቃቸው» አለች። «ከታረቁ በኋላ ግን ስለ ማን ልታወሩ ነው?»